ሰው መሰል ሮቦትና የተማሪ ቤት ገንዘብ

አስተዋይ ነጋዴ የባሕር ማዶ ዕቃ ከማዘዙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ይኸውም ዋጋው ስንት ነው፥ ሲሰበር ማን ይጠግነዋል፥ መለዋወጫውስ ከወዴት ይመጣል የሚል ነው። የኮምፒዩተርን ትምህርት በሰው መሰል ሮቦት ማስተማር በየአገሩ በሚወደስበት በዚህ ዘመን፥ ይህ የነጋዴ ጥያቄ ከተማሪ ቤት ደጅም ሊደርስ ይገባዋል።

ለዚህ ነገር ዋናው ምስክር ናኦ የተባለው ሮቦት ነው። ሠሪው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 በፓሪስ የተቋቋመው አልዴባራን ኩባንያ ሲሆን፥ የሮቦቱ ቁመት 58 ሳንቲ ሜትር ነው። ይራመዳል፥ ይናገራል፥ ሲወድቅም ራሱን ችሎ ይነሣል። ጀማሪ ተማሪ በኮምፒዩተር ላይ የተሣሉ ሣጥኖችን እያያያዘ ያዘዋል፤ የበረታው ግን ፓይተን በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ትእዛዙን ራሱ ይጽፍለታል።

ጥቅሙን መካድ ፍርድ ማጓደል ነው። ተማሪው በትእዛዙ ውስጥ ያጠፋው ነገር ቢኖር፥ ሮቦቱ ወደ ግራ መዞር ሲገባው ወደ ቀኝ ሲዞር ስሕተቱን በዓይኑ ያያል፤ መምህሩ ሳይቆጣውም ተመልሶ ያርማል። ሆኖም ትምህርቱ የሚገኘው ልጁ ሮቦቱን ሲያዝዘው እንጂ ሮቦቱ ቆሞ ሲለፈልፍለት አይደለም። ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በ2018 አዲስ አበባ በመጣች ጊዜ ብዙ ሰው አደነቀ፤ ነገር ግን አድናቆት ሌላ፥ ትምህርትም ሌላ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። አልዴባራንን በ2012 የጃፓኑ ሶፍትባንክ ያዘው፤ በ2022 ወደ አንድ የጀርመን ኩባንያ ተላለፈ፤ በ2025 ከሥሮ በፍርድ ቤት ሒሳቡ ተዘጋ፤ ዋና ዋና ንብረቱንም በዚያው ዓመት አንድ የቻይና ኩባንያ ገዛው። ሠሪው ሲከሥር የገዛው ተማሪ ቤት ምን ይይዛል? የዋስትናው ወረቀት ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል፤ የጉልበቱ ሞተር የተቃጠለበት ሮቦትም በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የእንግዳ ማሳያ ሆኖ ይቀራል። የውጭ ምንዛሪ በብዙ ድካም በሚገኝበት አገር ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው።

ብልኀቱ ሩቅ አይደለም። በ2016 በእንግሊዝ አገር ማይክሮቢት የተባለች በእጅ መዳፍ የምትያዝ የኮምፒዩተር ሰሌዳ ወደ አንድ ሚሊዮን ለሚጠጉ ተማሪዎች በነጻ ታድላለች። መራመድ አትችልም፤ ነገር ግን ትእዛዝ መጻፍን ታስተምራለች፥ ብትበላሽም የአንድ ልጅ እንጂ የአንድ ተማሪ ቤት ትምህርት አይቋረጥም።

ስለዚህ ገንዘቡ በመጀመሪያ መምህሩን ለማሠልጠን፥ ቀጥሎም ለእያንዳንዱ ተማሪ እጅ የሚደርስ ርካሽ መሣሪያ ለመግዛት ይዋል። ሰው መሰሉ ሮቦት የግድ ይምጣ ከተባለም፥ አንዱ ለብዙ ተማሪ ቤቶች በተራ ያገልግል፤ አስመጪውም መለዋወጫውን በአገር ውስጥ መጋዘን እንዲያኖርና ጠጋኝ እንዲያሠለጥን በውል ይገደድ። ይህን ውል ለመፈረም የሚያመነታ አስመጪ ቢኖር፥ ስለ ዕቃው ማወቅ የሚገባው ሁሉ ከማመንታቱ ይታወቃል።