ሕዝቡ ብቻውን ጥፋተኛ ነውን?

ሰሞኑን ስለ ዘመናዊ ሥዕል ስንከራከር አንድ ጓደኛችን፣ «ሕዝብ አዲስ ነገር አይገባውም፤ የስትራስቡርግን ሰዎች ተመልከቱ» አለን። እኔ ግን በዚህ አልስማማም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ፣ በክሌቤር አደባባይ ላይ ኦቤት የሚባል ረጅም ሕንፃ አለ። ብሎንዴል የተባለው መሐንዲስ በ18ኛው መቶ ዓመት ለጦር ሠራዊት የነደፈው ነው። በ1926 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) ቤቱን የተከራዩት የሆርን ወንድማማቾች ውስጡን ካፌ፣ ምግብ ቤት፣ ሲኒማና የዳንስ አዳራሽ ለማድረግ አስበው ሥራውን ለሃንስ አርፕና ለሚስቱ ለሶፊ ቶይበር ሰጡ። ሆላንዳዊውን ቴኦ ቫን ዱስቡርግን የጋበዙት እነርሱ ናቸው፤ ዛሬ አብልጦ የሚነሣው ግን የተጋባዡ ስም ነው።

ታሪካዊ ቤት አበላሹ የሚለውን ክስ አልቀበልም። የጥንቱን ውስጥ በ1870 በጦርነት ጊዜ እሳት በልቶታል፤ የድንጋዩ ፊት ደግሞ ዛሬም የብሎንዴል ነው። ሥራውም ድንቅ ነው። በቫን ዱስቡርግ የሲኒማና የዳንስ አዳራሽ ግድግዳውና ጣሪያው በ45 ዲግሪ ባዘነበሉ ባለቀለም አራት ማዕዘኖች ስለ ተሸፈኑ ቤቱ ራሱ የሚደንስ ይመስላል። ሐሳቡ ሰው በሥዕል ፊት መቆሙ ቀርቶ በሥዕል ውስጥ እንዲገባ ነበር። የሲጋራ መተርኰሻውን እንኳ ሳይቀር እርሱ ነደፈው።

እኔን የሚቈረቍረኝ እዚህ ላይ ነው። ስለ መተርኰሻው ያን ያህል የተጨነቀ ሰው፣ ሲጋራውን የሚተረኵሰውን ሰው ምን ትላለህ ብሎ ጠይቆት ነበርን?

አዳራሹ በ1928 ተከፈተ፤ ደንበኛው አልወደደውም። ተከራዮቹም ገበያቸውን ፈርተው መለወጥ ጀመሩ፤ በዐሥር ዓመት ውስጥም ቀለሙ ሁሉ ተሸፈነ። ቫን ዱስቡርግ በሕዝቡ እንደ ተማረረ በ1931 ሞተ።

በማኅበራችን ስብሰባ እንደምናደርገው ሥዕል በእጅ ብልጫ ይወሰን አልልም። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ያ አዳራሽ ከቶ አይሠራም ነበር። ነገር ግን ከሥራ ወጥቶ ቢራ ሊጠጣ የገባ ሰው ተማሪ ቤት አልገባም፤ በዚህ ግድግዳ ሥር መቀመጥ አልፈልግም ማለቱ ድንቍርና አይደለም። ትልቁን ጥፋት የማየው በተከራዮቹ ላይ ነው፤ ራሳቸው አዝዘው ያሠሩትን ሥራ ለሰው ለማስረዳት ሳይደክሙ በቀለምና በጣውላ ሸፈኑት።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሽፋኑ እየተነሣ ታደሰ፤ በ2006 የላይኛው ፎቅ በሙሉ ለሕዝብ ተከፈተ። ዛሬ ሙዚየም ነው። ጐብኚው ይገባል፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በሥዕሉ ፊት ይቆማል።