35 ሊትር ለመቆጠብ 1.5 ሚሊዮን ብር?

ዛሬ ከዋጋ በፊት ስለ መኪና ላወራ ነው። ብሩ ግን የቡና ብር ነው።

ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር የጋራ ካፒታል አለን። ቀይ ቡና ሊለቀም ወር ሲቀረው አንደኛው "ቪትዝህን እንሽጥና ከጋራው 1.5 ሚሊዮን ጨምረን ሃይብሪድ እንግዛ፣ ነዳጅ ጨረሰን እኮ" አለ። ሌላኛውም ልቡ ሸፍቷል። እኔ እምቢ ብያለሁ። በኢንቦክስ ስትጠይቁኝ እንደማየው ከናንተም ብዙ ሰው እዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

ሃይብሪድ ይቆጥባል፣ እሱን አልክድም። ቶዮታ ፕሪየስን ጃፓን ውስጥ መሸጥ የጀመረው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው፤ የትናንት ሙከራ አይደለም። ፍሬን ስትይዙ ሙቀት ሆኖ የሚጠፋውን ጉልበት ወደ ባትሪ ይመልሳል፤ መንገድ ተዘጋግቶ ስትቆሙ ሞተሩ ይጠፋል። የኔዋ እህል በረንዳ በር ላይ ቆማም ትጠጣለች።

ግን እኛ የት ነው የምንነዳው? ጅማ መንገድ ላይ በ80 ዝም ብሎ ሲነዳ ፍሬን ብዙ አይያዝም፤ ፍሬን ካልተያዘ የሚመለስ ነገር የለም። የጊቤ ቁልቁለት ባትሪውን ይሞላዋል፣ ከዚያ ያንን ሁሉ ዳገት የሚገፋው ያው ቤንዚን ነው። ቪትዝ ደግሞ 1000 ሲሲ፣ ክብደቷም ከአንድ ቶን በታች።

ሦስት ወር እስከ አፍ እየሞላሁ ለካሁ፤ የጓደኛዬን ሃይብሪድም ተውሼ ለካሁ። ለ100 ኪሎ ሜትር የኔዋ ከተማ ውስጥ 8 ሊትር፣ መንገድ ላይ 6። ሃይብሪዱ ከተማ 4.5፣ መንገድ ላይ 5። (መጀመሪያ ላይ የኔዋ ከተማ ውስጥ 9 ነበረች። ለካስ ጎማዬ ነፋስ ጎድሎታል፣ ካንዴላውም አርጅቷል። ጎሚስታ ጋ ሄጄ፣ ካንዴላ ቀይሬ ነው 8 የገባችው። ይህን ለባልደረቦቼ አልነገርኳቸውም፣ እዚህ ያንብቡት።)

በወር 2,000 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ፤ 600ው ከተማ፣ 1,400ው መንገድ። ልዩነቱ 21 ሲደመር 14፣ 35 ሊትር። ሊትሩን 130 ብር ብናስበው በወር 4,550፣ በዓመት 54,600 ብር። 1.5 ሚሊዮኑ የሚመለሰው ከ27 ዓመት በኋላ ነው!

ይኸው ብር ኩንታሉን በ15,000 ብናስብ 100 ኩንታል ጤፍ ነው። በወር አንዴ ዞሮ በኩንታል 100 ብር ብቻ ቢያተርፍ 10,000 ብር። ቡና ላይ ቢገባ ደግሞ ስሌቱን እናንተ ታውቁታላችሁ።

ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ በራይድ የሚሠራ ሰው ሌላ ነው። በቀን 150 ኪሎ ሜትር፣ በወር 26 ቀን ቢሠራ ወደ 136 ሊትር ይተርፈዋል። እሱም ቢሆን ብሩን ለመመለስ 7 ዓመት ይፈጅበታል፤ እሱን ብሆን በቀጥታ ኤሌክትሪክ ነበር የማየው።

ባልደረባዬ አንድ ነገር ብሎ ዝም አሰኝቶኛል፦ "ሌሊት ብር ይዘህ ጊቤ በረሃ ላይ ብትቆምብህስ?" ለዚህ መልስ የለኝም፤ መኪናዋ ከ20 ዓመት በላይ ናት። እንግዲያው ስለ ደህንነት እናውራ፣ ነዳጅ ነው አንበል። ለደህንነት ከሆነ ደግሞ ጥሩ ሜካኒክና አራት አዲስ ጎማ ከ1.5 ሚሊዮን በጣም ያንሳሉ።

ሐሙስ ተቀምጠን እንወስናለን። የአጋሮ ጀንፈል ዋጋ ማታ 2 ሰዓት ይለጠፋል።