ችግሩ ዘንዶው አይደለም፤ ችግሩ እጣው ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ስለ ቪዲዮ ጌም በየመስጂዱና በየቤቱ የምንሰማው ንግግር ሁለት ዓይነት ብቻ ሆኗል። አንዱ ወገን «ጌም የተባለ ሁሉ ሐራም ነው፤ ጣለው!» ብሎ ወሬውን ይዘጋል። ሌላው ወገን፣ በተለይ ወጣቱ፣ «ጌም እኮ ነው፤ ምን ያካብዳችኋል?» ይላል። የመጀመሪያው ያላየውን ይኮንናል፤ ሁለተኛው በየቀኑ የሚያየውን አይመረምርም። ሁለቱ ሲከራከሩ ልጁ ስልኩን ይዞ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል፤ ለፈጅር ሲቀሰቅሱት ደግሞ አይነቃም።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ዓይነት ጌም ብቻ ነው፤ ሮል ፕሌይንግ ጌም ስለሚባለው። የኳስ ወይም የመኪና ውድድር አይደለም። ተጫዋቹ በአንድ ታሪክ ውስጥ የአንድን ሰው ሚና ይዞ ይገባል። ተዋጊ ሊሆን ይችላል፣ ፈዋሽ፣ ሌባ ወይም ጠንቋይ። ይጓዛል፣ ከሰው ጋር ይነጋገራል፣ ይዋጋል፣ ይወስናል። ልምድ ባካበተ ቁጥር ሌቭሉ ከፍ ይላል። በዚህ ጌም ላይ የሚነሳው ተቃውሞ አብዛኛውን ጊዜ «ዘንዶ አለበት፣ ጭራቅ አለበት፣ ውሸት ነው» የሚል ነው። እኔ ግን እላለሁ፦ ጅቡ በጓሮ ሲገባ እኛ የፊቱን በር እየጠበቅን ነው።

◾ ጥሩ ጎኑን አንካድ

በምንጠላው ሕዝብ ላይ እንኳ ፍትሐዊ እንድንሆን አላህ አዞናል። በማንወደው ጌም ላይ ፍትሐዊ መሆን ምን ሊከብደን ነው?

የዚህ ጨዋታ መነሻ ኮምፒውተር አይደለም። በ1974 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን ጨዋታ አወጡ። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ ወረቀትና እርሳስ ይዘው፣ ታሪክ እየፈጠሩ የሚጫወቱት ነበር። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ወጣ፤ ጃፓኖችም በ1986 «ድራጎን ክዌስት»ን፣ በ1987 «ፋይናል ፋንታሲ»ን ሠርተው ዓለም ላይ አሰራጩት።

አሁን አንድ ምሳሌ ስሙ። ሪቻርድ ጋሪየት የተባለ አሜሪካዊ የጌም ሠሪ ሦስት የ«አልቲማ» ጌሞች አውጥቶ ነበር። ተጫዋቹ ሰርቆም ገድሎም ያሸንፍ ስለነበር የተቆጡ ወላጆች ደብዳቤ ጻፉለት። ሰውየው ደብዳቤውን አልቀደደውም፤ አሰበበት። በ1985 ያወጣው «አልቲማ 4» የሚሸነፍ ክፉ ንጉሥ የለውም። የተጫዋቹ ግብ ሐቀኝነትን፣ ርኅራኄን፣ ትሕትናን ጨምሮ ስምንት መልካም ባሕርያትን ይዞ መገኘት ነው። በጌሙ ውስጥ ቅጠላ ቅጠል የምትገዛው ከዓይነ ስውር ነጋዴ ነው። ዋጋውን ይነግርሃል፤ ሳንቲሙን የምትቆጥረው ግን አንተ ነህ። ብታጎድልበት አያይህም፤ እቃውን ይሰጥሃል። ጌሙ ግን ከሐቀኝነትህ ላይ ዝም ብሎ ይቀንሳል፤ ዋጋውን የምታገኘው ቆይተህ ነው። ሱረቱል ሙጠፊፊንን የቀራ ሰው ይህ ትምህርት ከየት ሰፈር እንደሆነ ያውቃል።

ሌላም አለ። በ2015 የወጣው «አንደርቴል» አንድም ፍጡር ሳትገድል ልትጨርሰው የምትችለው ጌም ነው። ገድለህ ብትጸጸትና እንደ አዲስ ብትጀምር እንኳ ጌሙ የሠራኸውን አይረሳም። በ2019 የወጣው «ዲስኮ ኢሊሲየም» ከ1 ሚሊዮን በላይ ቃላት ያሉት፣ እንደ ሌሎቹ የውጊያ ሥርዓት የሌለው፣ በማንበብና በመነጋገር የሚያልፍ ነው። ሁለት ገጽ አንብብ ሲሉት የሚያዛጋ ጎረምሳ እዚህ መዝገበ ቃላት እያገላበጠ ያነባል። ይህን አይቶ «ምንም ጥቅም የለውም» የሚል ሰው ሐቅ አልተናገረም።

ምናብ በራሱ ጥፋት ነው የሚሉም አሉ። አቡ ዳውድ የዘገቡትን ሐዲስ ያስታውሱ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከመጫወቻዎቿ መካከል ክንፍ ያለው ፈረስ ነበራት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ክንፉ ሲጠይቋት የሱለይማንን ክንፋም ፈረሶች ጠቅሳ መለሰችላቸው፤ እሳቸውም ሳቁ። ክንፋም ፈረስ ያሳቃቸው ነቢይ ኡመት ነን።

◾ ደካማ ጎኑንም አንሸፍን

1. ሥራ የሚመስል ሥራ ፈትነት። የዚህ ጌም ልብ ሌቭል ነው። አንድ ዓይነት ጭራቅ ሃምሳ ጊዜ ትገድላለህ፤ ደወል ይደወላል፣ ቁጥር ይጨምራል፣ «አደግህ» ትባላለህ። ያደገው ግን ካራክተሩ ነው፤ አንተ እዚያው ነህ። ሒፍዝ የሚይዝ ልጅ አንድ ገጽ ለመያዝ ሦስት ቀን ይለፋል፤ ማንም ደወል አይደውልለትም። በየአስር ደቂቃው መሸለም የለመደ ልጅ ይህን ዝምታ መቋቋም ያቅተዋል። የሒፍዝን ብቻ አይደለም፤ የሒሳብንም፣ የእጅ ሙያንም ዝምታ።

2. ሰዓቱ። «ዊቸር 3»ን የመሰለ ጌም ዋና ታሪኩ ብቻ 50 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ የጎን የጎኑን ሁሉ ልጨርስ ያለ ከ100 ሰዓት በላይ ይቀመጣል። በቀን ሁለት ሰዓት ብትሰጠው ሃምሳ ቀን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በጌም መጠመድን ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ምልክቱ ራስን መግታት አለመቻል፣ ጌሙን ከሌላው የሕይወት ጉዳይ ሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳቱን እያዩም መቀጠል ነው። የተጫወተ ሁሉ በሽተኛ ነው አልተባለም፤ በሽታው የለም ማለትም አይቻልም።

3. ይዘቱ። «ዊቸር 3» እና በ2023 ብዙ የተወራለት «ባልደርስ ጌት 3» በአውሮፓ ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑ የተፈቀዱ ናቸው፤ እርቃንና ወሲብ አለባቸው። በ«ባልደርስ ጌት 3» የሃይማኖት ሰው የሆነ ካራክተር የመረጠ ተጫዋች ከብዙ አማልክት አንዱን ይመርጣል። አስማቱም ጉልበት ሆኖ ይቀርባል። ተውሒድን ገና በመያዝ ላይ ላለ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «ልብ ወለድ ነው» የሚለው መልስ ለሠላሳ ዓመት ሰው ሊሠራ ይችላል፤ ለአሥር ዓመት ልጅ አይሠራም።

እነዚህ ሦስቱ ግን በሥርዓት፣ በምርጫና በቁጥጥር የሚያዙ ናቸው። ጅቡ እነዚህ አይደሉም።

◾ ጅቡ ማን ነው?

ጃፓን ውስጥ ሳንቲም ከትተህ መያዣውን ስታዞር በትንሽ እቃ የተዘጋ አሻንጉሊት የሚወረውር ማሽን አለ። የትኛው እንደሚወጣ አታውቅም። የጌም ኩባንያዎች ይህን ማሽን ስልክ ውስጥ አስገቡትና «ጋቻ» አሉት።

በመስከረም 2020 የወጣውን የቻይናውን «ገንሺን ኢምፓክት» እንመልከት። ሥዕሉ ያምራል፣ ሙዚቃው ያምራል፣ ማውረዱ በነጻ ነው። ጠንካራዎቹን ካራክተሮች ግን በዋጋ አትገዛቸውም፤ እጣ ታወጣለህ። ኩባንያው ራሱ ባስቀመጠው መጠን በአንድ እጣ ባለ 5 ኮከብ ካራክተር የማግኘት ዕድልህ 0.6 በመቶ ነው፤ ከ1,000 ስድስት ማለት ነው። 90ኛው እጣ ላይ አንድ ባለ 5 ኮከብ መምጣቱ የተረጋገጠ ነው፤ የምትፈልገው መሆኑ ግን የተረጋገጠ አይደለም። ሌላ ከመጣ እንደገና ትጀምራለህ። የምትፈልገው ካራክተር ደግሞ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ቀርቦ ይነሳል፤ ስለዚህ ትቸኩላለህ። ሽልማት የሚያስወስድህ ጉልበት በየ8 ደቂቃው አንድ አንድ እየሞላ ይጠብቅሃል፤ ሞልቶ እንዳይፈስብህ ትመለሳለህ። መጨረሻ የለውም።

ወንድሜ፣ ይህ ሮል ፕሌይንግ ጌም አይደለም። የሮል ፕሌይንግ ጌም ልብስ የለበሰ ሎተሪ ነው።

«ባዶ እጅህን እኮ አትመለስም፤ ሁልጊዜ አንድ እቃ ይወጣልሃል፣ ስለዚህ ቁማር አይደለም» ይሉናል። መርካቶ ውስጥ አንድ ነጋዴ መቶ የታሰሩ ጆንያዎች ደርድሮ «እያንዳንዱ ሁለት መቶ ብር፤ በአንዱ ውስጥ ሐር አለ፣ በቀሩት ውስጥ ገለባ» ቢልህ፣ ገለባም እቃ ነው ብለህ ትገዛለህ? በይዑል ገረርን፣ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ሽያጭን፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የከለከሉት ለዚህ ነው። ሱረቱል ማኢዳህ ቁማርን ስትከለክል ምክንያቱንም ነግራናለች፦ ጠላትነትን ያመጣል፣ አላህን ከማስታወስና ከሰላት ያግዳል። ሰላት ላይ ቆሞ ጉልበቱ መሙላት አለመሙላቱን የሚያሰላ ልጅ ይህን ሳይቀራ ያውቀዋል።

እኔ የመድረሳ ልጅ እንጂ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ሳይከፍል የሚጫወተው ላይ ዝርዝር ፍርድ የሚሰጡት ዑለሞች ናቸው። ነገር ግን ይህን የምንለው እኛ ሙስሊሞች ብቻ አይደለንም። ጃፓን የጋቻን አንድ ዓይነት በ2012 ከለከለች። የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን በ2018 በገንዘብ የሚከፈቱ የእጣ ሳጥኖች በሕጓ ቁማር ናቸው አለ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በጥር 2025 የ«ገንሺን ኢምፓክት» አቅራቢ 20 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልና ከ16 ዓመት በታች ላሉት ያለ ወላጅ ፈቃድ የእጣ ሳጥን እንዳይሸጥ አስማማው። ካፊር አገር «ልጆቼን ተዉልኝ» ሲል እኛ አሁንም ስለ ዘንዶ ነው የምንከራከረው!

◾ «ሁሉም ሐራም» ማለት ማንን ይጠቅማል?

ይህን ደፍሬ እናገራለሁ፦ ሁሉንም በአንድ ቃል መኮነን የሚጠቅመው ጅቡን ነው። አባት «ሁሉም አንድ ነው» ካለ፣ ልጁ ዓይነ ስውሩን ነጋዴ እንዳታታልል የሚያስተምረውን ጌምና እጣ የሚያስወጣውን ጌም የሚለይበት ምንም ሚዛን አይኖረውም። ሁለቱም ሐራም ከተባሉ የቱን ይመርጣል? በነጻ የሚገኘውን!

ነገሩ የሚያመው እዚህ ላይ ነው። ታሪኩ ተጀምሮ የሚያልቀው፣ አንዴ ከፍለህ ሁለተኛ የማይጠይቅህ ጌም በዋጋ ይሸጣል። «ባልደርስ ጌት 3» ሲወጣ ዋጋው 60 ዶላር ነበር፤ ላዩ ላይ ደግሞ ጥሩ ኮምፒውተር ይፈልጋል። በነጻ የሚወርደው፣ በስልክ የሚሠራው ጋቻው ነው። የሀብታም ልጅ መጽሐፉን ይገዛል፤ የድሃ ልጅ የቁማር ቤት በር ላይ በነጻ ይገባል። ሪያድም ሆነ ሚኒሶታ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ስልኩ ላይ የባንክ ካርዳችሁ ተያይዟል፤ በሩ ከውስጥ ተከፍቷል ማለት ነው።

◾ ምን እናድርግ?

ልጁን «ምን ትጫወታለህ?» ብለን አንቁም። አራት ነገር እንጠይቀው፦

— ጌሙ መጨረሻ አለው?
— ከመክፈልህ በፊት የምታገኘውን ታውቀዋለህ?
— አዛን ሲል አቁመህ መነሳት ትችላለህ?
— ለዕድሜህ የተፈቀደ ነው?

ለሁለተኛው መልሱ «አላውቅም» ከሆነ፣ ያ ጌም ዛሬውኑ ከስልኩ ይውጣ። ካርዳችሁን ከስልኩ ላይ አንሱ፤ ግዢ ላይ የይለፍ ቃል አድርጉ። ሌላውን ግን አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ታሪኩን ንገረኝ በሉት። ሲተርክላችሁ ምን እንደገባበት ትሰማላችሁ፤ ማረም ያለባችሁንም ታርማላችሁ።

ኡስታዞቻችን! እናንተን አክብሬ ነው የምለው፤ ሚንበር ላይ ስለ ጌም ከመናገራችሁ በፊት ከደርሳችሁ አንዱን ልጅ ጠርታችሁ ግማሽ ሰዓት ያሳያችሁ። ወላጆች በእውቀት የጻፉት ደብዳቤ አንድ የጌም ሠሪን ከስርቆት ወደ ሐቀኝነት መልሷል። የእኛ ጩኸት ግን እስካሁን ማንን መለሰ?

አንተም ወጣት! «ጌም እኮ ነው» አትበለኝ። ጌም ቢሆን ኖሮ ያልቅ ነበር።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ጊዜያችንን ይባርክልን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም።