ብዙ መሆናችን ብቻውን ምን ይፈይዳል?

"ርካሽና ብዙ የሰው ኃይል አለን።" ይህን አባባል ያልሰማ የለም። ለኢንቨስተር ጥሪ ሲደረግ ይነገራል፣ ዳያስፖራው ሲሰበሰብም ይደገማል። ቁጥሩስ ውሸት አይደለም። በዓለም ባንክና በዓለም የሥራ ድርጅት ግምት የኢትዮጵያ የሠራተኛ ኃይል 60 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ተደምሮ ደግሞ ወደ ግማሽ ቢሊዮን ይጠጋል። ከስምንት ሠራተኛ አንዱ የእኛ ነው እንደማለት ነው። በአካባቢው የሚበልጠን ናይጄሪያ ብቻ ነው።

ታዲያ ይህ ቁጥር ማንን ነው የሚቆጥረው? የሠራተኛ ኃይል ማለት ዕድሜው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኖ ሥራ ያለው ብቻ ሳይሆን ሥራ ፈላጊውም ጭምር ነው። ዲግሪውን ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚውለው ወጣት ከ60 ሚሊዮኑ አንዱ ነው። ተስፋ ቆርጦ ፍለጋውን የተወው ግን ከቁጥሩ ይወጣል።

መለኪያው ራሱም ተቀይሯል። በ2013 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ የተሰበሰቡት የሥራ ስታትስቲክስ ባለሙያዎች በወሰኑት መሠረት፣ በዋናነት ለራሱ ቤተሰብ ፍጆታ የሚያርስ ገበሬ "ተቀጥሮ የሚሠራ" ተብሎ አይቆጠርም። ያው ገበሬ፣ ያው በሬ፣ በአንዱ መለኪያ አለ፣ በሌላው የለም። ውኃ ስትቀዳና እንጨት ስትለቅም የምትውለው እናትም እንዲሁ። ስለዚህ አንዱን አገር በአሮጌው፣ ሌላውን በአዲሱ ለክቶ ማወዳደር ጤፍን ከገብስ ቀላቅሎ እንደመስፈር ነው። በዚያ ላይ የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራችን የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው።

እኛስ? ዴንቨር ያለችው ነርስ የምትቆጠረው ለአሜሪካ ነው፤ ሪያድ ያለችው የቤት ሠራተኛም ለሳዑዲ። ያሳደገችንና ያስተማረችን አገር መዝገብ ላይ የለንም።

ደግሞ ብዛት ብቻውን እንጀራ አይሆንም። የጀርመን የሠራተኛ ኃይል ወደ 45 ሚሊዮን ነው፣ ከእኛ ያንሳል። በ2023 እ.ኤ.አ. ግን ያመረተችው ከ4 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን የእኛ ከ200 ቢሊዮን በታች ነበር። ጀርመናዊው ከእኛ ገበሬ ይበልጥ ስለሚለፋ አይደለም። መብራት፣ ማሽን፣ መንገድና ሙያ በእጁ ስላለ ነው።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እንላለን። ልክ ነው፣ ግን ሃምሳው ሰው መያዣ ሲኖረው እኮ ነው!

ከሁሉ የሚያሳስበው "ርካሽ" የምትለዋ ቃል ናት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ ለግሉ ዘርፍ ወለል ሳይበጅ ዓመታት አልፈዋል። ርካሽነትን እንደ ሀብት የሚሸጥ አገር ልጆቹ በርካሽ ቢሰደዱ ሊገርመው አይገባም። ኢንጂነሩ፣ ሐኪሙ፣ ተማሪው፣ እናንተም አንባቢዎቻችን ለባዕድ ባለሀብት ስለ አገራችሁ ስትናገሩ ይህችን ቃል ጣሏት። ቁጥር ሲጠራም "ከነዚህ ስንቱ ሥራ አለው? በሰዓት ስንት ይከፈለዋል? በምን መሣሪያ ይሠራል?" ብላችሁ ጠይቁ። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ እስኪገኝ ድረስ፣ 60 ሚሊዮን የሚለው ቁጥር ገና ያልተከፈለ የቤት ሥራ ዕዳ ነው።