በአንድ ሉህ ላይ ሁለት ልጅ አይጽፍም



ውድ እህትና ወንድሞቻችን፣ የኪታብ ውሰትና የተቸገሩ ተማሪዎች ድጋፍ መዝገባችን ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ይዛወር በሚለው ሁላችንም ተስማምተናል። ያልተስማማነው በምን ይያዝ በሚለው ላይ ነው። ብዙዎች የኤክሴል ወይም የአክሰስ ፋይል በጋራ ፎልደር አስቀምጠን ከሦስቱም ኮምፒውተሮች እንክፈተው ይላሉ። እኛ ይህ አይበጅም እንላለን።

ባለፈው ሴሚስተር ሞክረነዋል። አንዱ ፋይሉን ከፍቶ ሲሠራ ሌላው ተቆለፈበትና በሌላ ስም ቅጂ አውጥቶ መዘገበ። ማታ አንዱ ቅጂ በሌላው ላይ ተተካ። አንዲት እህታችን ኪታብ መመለሷ የተጻፈበት መስመር በዚያው ጠፋ፤ ከሳምንት በኋላም «አልመለስሽም» ተባለች። ኪታቡ መደርደሪያው ላይ ነበር። ይቅርታ ጠየቅናት። ይህ በድጋፍ ገንዘብ ላይ ቢደርስ ግን ምን እንል ነበር?

መድረሳ የተማርን እናውቃለን፤ በአንድ ሉህ ላይ ሁለት ልጅ እኩል አይጽፍም። የጋራ ፋይልም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር በራሱ እጅ ይጽፍበታል፤ ገመድ ሲነቀል ወይም መብራት ሲጠፋ ፋይሉ ግማሽ ላይ ተበላሽቶ ሊቀር ይችላል። ኤስኪውላይት ለአንድ ኮምፒውተር ግሩም ነው፤ ሆኖም በኔትወርክ ፎልደር አስቀምጦ ከብዙ ኮምፒውተር መጻፍን አዘጋጆቹ ራሳቸው አይመክሩም።

ፖስትግሬስኪውኤል ወይም ማሪያዲቢ ብንጭን ግን መዝገቡን የሚነካው ሰርቨሩ ብቻ ነው። ሌሎቹ ጥያቄ ይልኩለታል፤ እሱ ተራ አስይዞ ይጽፋል፤ የተጀመረ ሥራ ካልተፈጸመ እንዳልተጀመረ ይቆጥረዋል። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ጤና ሚኒስቴር ከጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የሚሠራውም በፖስትግሬስኪውኤል ላይ ነው።

«ጎግል ሺት አይሻልም?» ለሚሉን፦ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ገጠር የመጣን ልጆች ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ አይተናል። የውስጥ ኔትወርክ ግን ስዊችና ገመድ ካለው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ሌላም ጉዳይ አለ። የጋራ ፋይልን ማንም በፍላሽ ገልብጦ ሊወስደው ይችላል። ድጋፍ የሚቀበል ወንድማችን ስሙ ዶርም ለዶርም እንዲዞር አይፈልግም። በሰርቨር ግን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን የይለፍ ቃል ሰጥተን፣ ኪታብ የሚያውሰው የድጋፉን ዝርዝር እንዳያይ ማድረግ እንችላለን።

መጫኑ ከኤክሴል ይከብዳል፤ አንሸሽግም። ሰርቨሩ ከቆመ ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ፣ ዩፒኤስ፣ በየማታው ወደ ሌላ ዲስክ የሚወጣ ቅጂ፣ ኃላፊነቱን የሚወስድ አንድ ሰውና እሱን የሚተካ ሌላ ሰው ያስፈልጋሉ። እኛ ተመርቀን ስንሄድ መዝገቡ አብሮን መሄድ የለበትም።

የቁርአን ረጅሙ አያ ዕዳን ስለመጻፍ መሆኑን ሁላችን ተምረናል። ትንሹም ትልቁም ይጻፍ የተባለው የሰው ሐቅ እንዳይጠፋ ነው። በሁለት ቅዳሜ ጭነን ለማሳየት ዝግጁ ነን፤ ከታችኛው ባች ሁለት ተማሪዎች አብረውን ይቀመጡ፤ ኢንሻአላህ እናስረክባቸዋለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።