ከጉልበት በፊት ልብ እንግዛ



ከማኅበራችን አባሎች አያሌዎቹ በዚህ በአሜሪካ አገር በትምህርት ላይ ሳሉ አሮጌ ባለ ቱርቦ መኪና እየገዙ፥ እሑድ እሑድ ወደ አውቶክሮስ ሜዳ መውጣት መጀመራቸው የታወቀ ነው። ነገሩን አንነቅፈውም፤ እኛም ከእነርሱው መካከል ነን። የምንነቅፈው ገንዘቡ የሚወጣበትን ቅደም ተከተል ነው። ይህንንም ለመጻፍ ያስገደደን ባለፈው የዕረፍት ወራት በአንድ ጓደኛችን ላይ የደረሰው ነገር ስለ ሆነ፥ በመጀመሪያ እርሱን እንናገራለን።

ጓደኛችን ለሚቀጥለው መንፈቅ የትምህርት ክፍያ ካስቀመጠው ገንዘብ ላይ 2,400 ዶላር አንሥቶ ለ20 ዓመት መኪናው ትልቅ ቱርቦ ገዛ። ጎማዎቹ ያለቁ ነበሩ፤ የሞተሩም ቺንጋ መቼ እንደ ተለወጠ የሚያውቅ አልነበረም። ቱርቦው በተገጠመ በሦስተኛው ሳምንት፥ ገና አንድ ጊዜ እንኳ በሜዳው ሳይሮጥ፥ ከፒስቶኖቹ አንዱ ተሰበረ። ዛሬ መኪናዋ ከአንድ ጋራዥ ጓሮ ቆማለች። ባለቤቷም ያጎደለውን ክፍያ ለመሙላት ሌሊት ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃል፤ ቀን ቀን ደግሞ በክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ይህን የምንጽፈው በወንድማችን ለመሳለቅ አይደለም፤ እርሱ ራሱ «ጻፉትና ሌላው ይማርበት» ስላለን ነው።

ጨዋታውን ለማያውቁት በአጭሩ እናስረዳ። አውቶክሮስ ማለት በባዶ የመኪና ማቆሚያ ወይም በአሮጌ የአውሮፕላን ሜዳ ላይ በኮን በተሠራ ጠመዝማዛ መንገድ፥ መኪናዎች አንድ ባንድ እየተነሡ ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደሙበት ስፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የተመሠረተው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክበብ (ኤስ.ሲ.ሲ.ኤ.) ይህንን «ሶሎ» ብሎ ያካሂደዋል፤ የመጀመሪያውንም አገር አቀፍ ውድድር ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ጊዜው በሴኮንድ ሺኛ ይቆጠራል። አንድ ኮን የጣለ 2 ሴኮንድ ይጨመርበታል፤ በር የሳተም ዙሩ ይሰረዝበታል። አንዱ ዙር አንድ ደቂቃ ያህል ቢፈጅ፥ ሰው በቀን የሚያገኘው ከ4 እስከ 6 ዙር ነው። እንግዲህ ከማለዳ እስከ ማታ በፀሐይ የዋለ ተወዳዳሪ የሚነዳው ከ6 ደቂቃ አይበልጥም ማለት ነው። የቀረውን ሰዓት ኮን ሲያነሣና ተራ ሲጠብቅ ይውላል።

እኛ ሦስት ሆነን በማኅበር የያዝናት መኪና እ.ኤ.አ. የ2002 ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብልዩ.አር.ኤክስ. ናት። ይህች ዓይነት ወደ አሜሪካ ገበያ የገባችው በዚያው ሞዴል ሲሆን፥ ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ሞተሯ 227 የፈረስ ጉልበት አለው፤ አራቱም ጎማዎቿ ይጎትታሉ። የኢምፕሬዛ ዝርያ በዓለም ራሊ ዝናን ያተረፈ ነው፤ ኮሊን ማክሬ እ.ኤ.አ. በ1995፥ ሪቻርድ በርንስ በ2001፥ ፔተር ሶልበርግም በ2003 የዓለም ሻምፒዮን የሆኑት በእርሱ ነው። ቱርቦም ቢሆን የትናንት ፈጠራ አይደለም፤ ስዊሱ አልፍሬድ ቡኪ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበለት፥ ወደ ውጭ በሚጣለው ጭስ ኃይል አየር እያመቀ ለሞተሩ የሚያጎርስ መሣሪያ ነው። ተራ መኪና ጣርማ በርን ሲወጣ በስስ አየር ምክንያት እንዴት እንደሚያለከልክ ያየ ሰው ጥቅሙን ለመረዳት አይቸገርም።

ታዲያ «ቱርቦ ያለው ሰው ግፊቱን ጨምሮ ጉልበት ቢያወጣ ምን ነውር አለው?» የሚሉ አሉ። የምንመልሰው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፥ ግፊቱ ሲጨመር ሙቀቱም አብሮ ይጨመራል። የነዳጁና የእሳቱ ልክ በሚገባ ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ካለጊዜው እየፈነዳ ፒስቶኑን ይመታዋል። ጓደኛችንን ያገኘው ይኸው ነው። ሁለተኛ፥ ጉልበቱን የሚቀበለው ካምቢዮ ነው። የዚች መኪና ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ፥ ሞተሩን አስጩኾ ፍሪሲዮኑን ባንዴ ለሚለቅ ሰው ጥርሱን እንደሚያራግፍ በመካኒኮች ዘንድ የታወቀ ነው፤ አራቱም ጎማዎች መሬቱን ስለሚቆነጥጡ ኃይሉ የሚያመልጥበት ሌላ መንገድ የለውም። ሦስተኛ፥ ደንቡ አለ። «ስትሪት» በተባለው ምድብ የሞተሩን ኮምፒዩተር መለወጥ አይፈቀድም። ግፊት የጨመረ ሰው ከምድቡ ወጥቶ፥ መኪናቸውን እንደ ልባቸው ከሚያድሱ ባለጠጎች መካከል ይገባል። ገንዘቡን አፍስሶ ሽንፈትን ይገዛል ማለት ነው። «ካልጠገቡ አይዘሉ፥ ካልዘሉ አይሰበሩ» የተባለው ለዚህ አይደለምን?

እኛ ያደረግነውን ደግሞ እነሆ በዝርዝር እናቀርባለን። ሦስታችን ያዋጣነው ገንዘብ 2,000 ዶላር ነበር።

ከሁሉ በፊት 280 ዶላር ለሞተሩ ቺንጋና ለውሃ ፓምፑ አወጣን፤ ገጠማውን መጽሐፍ እያነበብን በራሳችን እጅ በሁለት ቅዳሜ ሠራነው። የዚህ ሞተር ቺንጋ በ105,000 ማይል መለወጥ ያለበት ሲሆን፥ ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስቶኖቹ ጋር ይጋጩና ሞተሩ ያልቃል። ቀጥሎ 130 ዶላር ለዘይት፥ ለካንዴላና ለራዲያተር ውሃ ሆነ። የቱርቦውን ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሲሽከረከር ከመቃጠል የሚያድነው ንጹሕ ዘይት ስለ ሆነ፥ በዘይት መቆጠብ መቆጠብ አይደለም። 170 ዶላር ለፍሬን ሸራና ለአዲስ የፍሬን ዘይት፥ 200 ዶላርም ለራስ ቁር ወጣ።

ከዚያ በኋላ 760 ዶላር ለአራት ጎማ አወጣን። ትልቁ ወጪያችን ይህ ነው፤ አልተጸጸትንበትም። ደንቡ የሚፈቅደው የመልበስ ቁጥሩ 200ና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው። «ሁለቱን ዛሬ፥ ሁለቱን ሌላ ጊዜ» የሚል ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ አራቱም ጎማ በሚጎትት መኪና ላይ አዲስና አሮጌ ጎማ ቢደባለቅ፥ የክባቸው ልዩነት የመካከለኛውን ዲፈረንሻል ሲፈጨው ይኖራል። በመጨረሻ 120 ዶላር ለጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ ከፈልን። ሞተሯ ከፊት ዘንጓ አልፎ ስለ ተቀመጠ አፍንጫዋ ከባድ ነው፤ በመታጠፊያ ላይ መሪውን እምቢ ትላለች። የፊት ጎማዎቿ አናታቸው ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል የፋብሪካው ብሎን በፈቀደው መጠን ብናደርገው፥ እምቢታዋ በእጅጉ ቀነሰ።

ድምሩ 1,660 ዶላር ነው። ከቀረው 340 ውስጥ 300ው ሦስታችን ሁለት ሁለት ቀን የተወዳደርንበት መግቢያ ሆነ፤ አንዲቱን መኪና ሁለት ሰው እየተፈራረቀ ሊነዳት ይፈቀዳልና። 40ው ለቤንዚን ዋለ፥ አልበቃምም።

ገንዘብ የማይጠይቅም ብዙ አለ። የጎማውን ትከሻ በጠመኔ ቀብቶ ጠመኔው እስከ የት እንደ ተፋቀ ማየትና ነፋሱን በዚያ መጠን ማስተካከል፤ በዙር መካከል ኮፈኑን ከፍቶ ከሞተሩ በላይ ያለውን የአየር ማቀዝቀዣ ማስተንፈስ፤ ከመወዳደር በፊት መንገዱን በእግር ሦስት ጊዜ መዞር፤ ቱርቦው ዘግይቶ ስለሚነቃ ነዳጁን አስቀድሞ መርገጥን መልመድ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሚበልጠን ሰው ጎን ተቀምጦ ማየት። በመጀመሪያው ቀን ከምድባችን መጨረሻ ወጣን። በሦስተኛው ቀን ከእኛው አንዱ በመጀመሪያ ዙሩና በመጨረሻ ዙሩ መካከል 4 ሴኮንድ አሻሻለ። በዚያ ቀን በመኪናዋ ላይ የተለወጠ አንድ ብሎን እንኳ አልነበረም፤ የተለወጠው ነጂው ነው።

«ከአገር ቤት ወንድምና እኅት እርዳታ እየጠበቁ፥ እናንተ በጎማ ትጫወታላችሁን?» የሚሉንም አሉ። ወቀሳው ከባድ ነው፤ አንሸሸውም። ለቤተ ሰብ ከሚላከውና ከትምህርት ክፍያው አንድ ሳንቲም የሚነካ ሰው ሜዳውን ፈጽሞ አይርገጥ እንላለን። ነገር ግን ፍጥነትን የሚወድ ወጣት «ተው» ስለ ተባለ ብቻ እንደማይተው እናውቃለን። ሜዳ ያጣ ወጣት ሌሊት በአውራ ጎዳና ላይ ይፈትነዋል፤ በዚያም የሚወድቀው ኮን ሳይሆን ሰው ነው። በሜዳው ግን የራስ ቁር አለ፤ መርማሪ አለ፤ ፍሬኑ የላላ፥ ባትሪው ያልታሰረ ወይም ኩሽኔታው የሚወዛወዝ መኪና ከበር ይመለሳል።

ስለዚህ ለማኅበሩ አባሎች የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በመጀመሪያ፥ መፍቻና ክሪክ በየግል ከመግዛት በጋራ አንድ የመሣሪያ ሣጥን ይኑረን። ሁለተኛ፥ ውድድር ከመከፈቱ ሁለት ሳምንት በፊት መኪናዎቻችንን በአንድ ቅዳሜ አሰልፈን እርስ በርሳችን እንመርምር። ሦስተኛ፥ አንድ የውድድር ዓመት ባልተነካ ሞተር ያልጨረሰ ሰው የጉልበት ዕቃ እንዳይገዛ ቃል እንግባ። አራተኛ፥ የጓደኛችን ሞተር በጋራዥ ጓሮ እንዳይበሰብስ የፊታችን ቅዳሜ እጃችንን ይዘን እንሂድ፤ ቴስታታውን ማውረድ የሚያውቁ ሁለት አሉን፥ የቀረነው ብሎን እንለቅማለን።

ጉልበት በሱቅ ይሸጣል፤ ልብ ግን አይሸጥም። እርሱን የምናገኘው ከአንዱ ስሕተት ሁላችን ስንማር ብቻ ነው።