51 ከመቶ ደንብ አይቀይርም

የወርቅና የቡና ዋጋ ማታ ይለቀቃል፤ አሁን «ቢትኮይን ደንቡን ቢቀይር የኛ ገንዘብ ምን ይሆናል? ስንት ሰው ሲስማማ ነው የሚቀየረው?» የምትሉትን እንይ።

የፒያሳና የውቤ በረሃ ነጋዴ ከሚያውቀው እቁብ እንነሳ። 40 ሰው ባለበት እቁብ 21ዱ ዕጣ ወጥቶላቸው ከበሉ በኋላ «ከዛሬ ጀምሮ የሚጣለው በግማሽ ይቀነስ» ቢሉ አብላጫ አላቸው። ግን ይሄ ስምምነት ነው ወይስ የ19 ሰው ገንዘብ መብላት? በመሀል ለሚመጣ ለውጥ ያልበላው ሰው እሺ ማለት አለበት።

ቢትኮይን ላይም መስፈርቱ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። ሴግዊት የተባለው ለውጥ መጀመሪያ የተጠየቀበት ድጋፍ ከ2,016 ብሎኮች 95 በመቶ ነበር። ታፕሩት እ.ኤ.አ. በ2021 በ90 በመቶ አለፈ።

ከፍ ማለቱም ጣጣ አለው። 95 ከተጠየቀ፣ ከ5 በመቶ ትንሽ የሚበልጥ ወገን ሁሉንም ያግታል። ሴግዊት ተጓቶ፣ ክርክሩ ከሮ፣ «ብሎኩ ይስፋ» ያሉት እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2017 ተገንጥለው ቢትኮይን ካሽን ይዘው ወጡ። ኢቴሪየምም በ2016 ከዳኦ የተወሰደውን ገንዘብ ለማስመለስ ደንብ ሲቀይር፣ እምቢ ያሉት በአሮጌው መዝገብ ቀጥለው ኢቴሪየም ክላሲክ ተባሉ።

ደግሞ ይሄ ድጋፍ የሚቆጠረው በማሽን እንጂ በሰው አይደለም። እዚሁ አገራችን በግድብ መብራት የሚሠራ ማሽን ይቆጠራል፤ ስልኩ ላይ ትንሽ የያዘ ሰው ግን አይቆጠርም። የሱ ድምፅ መሸጥ ወይም አለመሸጥ ነው።

የኛ አቋም፦ የማይፈልግ ሰው ሳይነካው ሊያልፈው ለሚችል ማሻሻያ 90 በመቶ ይበቃል። ሰው የያዘውን ለሚነካ ግን፣ ለምሳሌ የ21 ሚሊዮኑን ጣሪያ ማንሳት ወይም ያለቀ ክፍያ መመለስ፣ 95ም አይበቃም። እምቢ ያለ ድርሻውን ይዞ የሚወጣበት በር መኖር አለበት።

ዩኤስዲቲ የያዛችሁ ደግሞ ይሄን ሁሉ ፐርሰንት እርሱት። እዚያ የሚያስፈልገው የአንድ ኩባንያ ውሳኔ ነው፤ ቴዘር አድራሻ ማገድ ይችላል፣ ማንንም ድምፅ አይጠይቅም።

ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «ደንቡን የሚቀይረው ማነው? ካልተስማማሁስ በየት እወጣለሁ?» በሉ። መልስ ከሌለው ርካሽም ቢሆን ውድ ነው።

ማታ በወርቅ ዋጋ እንገናኝ።